መኝታ ቤቴን በባና እና በነጠላ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የመኝታ ቤቴን ግድግዳና ጣሪያ በጨርቅ እያለበስኩ ነው። «የት አደረስሽው?» ላላችሁኝ፦ ግድግዳው አልቋል፤ ጣሪያው ይቀራል።

ደቡብ ኮሪያዊው አርቲስት ዶ ሆ ሱ የኖረባቸውን ቤቶች በስስ ጨርቅ በልካቸው ሰፍቶ ሰው እንዲገባባቸው ያደርጋል። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ግን የሱ ግድግዳ ራሱ ጨርቁ ነው፤ የኔ ደግሞ ጭቃ ነው፣ ያውም ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ፣ የኅዳር ውርጭ በሚገባው ደብረ ብርሃን። ስለዚህ ከስሱ ይልቅ የመንዝን ባና መረጥኩ፤ ሴቶች የበግ ጠጉር ፈትለው ወንዶች የሚሸምኑትን። ቀለም አልነካሁትም። ጥቁሩም ቡናማውም ከበጉ እንደመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቀለም አላውቅም።

ዋናው ፈተና አሰቃቀሉ ነበር። ባና ከባድ ነው፣ ጭቃ ምስማር አይችልም። የባሕር ዛፍ ቀጭን አጣና በሽቦ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አሰርኩና በባናው ጫፍ ላይ የጨርቅ ቀለበት እየሰፋሁ አንጠለጠልኩት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጉት። በዚያ ክፍተት አየር ስለሚመላለስ የክረምቱ የግድግዳ እርጥበት ወደ ሱፉ በቀላሉ አይሻገርም። ድምፅም ይበልጥ ይዋጣል፤ አሁን እዚያ ውስጥ ስናወራ ሳናስበው ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ምሥራቅ በሚያየው መስኮት ላይ ነጠላ አድርጌያለሁ። ባናው ብርሃን ይውጣል፣ ነጠላው ይበትናል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲሆኑ ጠዋት ላይ የጥለቱ ጥላ ባናው ላይ ይሄዳል። ይህን አስቤ አልሠራሁትም፣ ግን የክፍሉ ምርጥ ነገር እሱ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ገብተው ዙሪያውን አዩና «ልጄ፣ ሰርግ አለ እንዴ? ሳትነግሪን!» አሉኝ። ቀጥለው ባናውን ዳሰስ አድርገው ፈትሉ ላላ ማለቱን ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው።

ሻማ ለምታበሩ፦ ሱፍ ቶሎ አይያያዝም፣ የጥጥ ነጠላ ግን ወዲያው ይነዳል። የኔ ነጠላ ከማብሪያና ማጥፊያውም ከሶኬቱም ርቋል።

ለጣሪያው ያሰብኩት የድሮውን አቡጀዲ ኮርኒስ ነው፤ ግን ተወጥሮ ሳይሆን ወደ አልጋው ረገብ ብሎ። አቧራው እንዳይከማችበት በየጊዜው የሚወርድበትን ዘዴ ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ። ብል የሚያባርርላችሁን ነገርም ጨምሩልኝ፤ ከጠንካራ ሽታ ውጪ የሆነ፣ ምክንያቱም የምተኛው እዚያው ነው።