የሱሉልታው በር

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

አባባ ያረፈው በ2009 ነው። ያሉት ልጆች እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ጋሼ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ሱሉልታ ነው የሚኖረው፤ ላሞች አሉት፣ ወተት ይሸጣል። እኔ ደግሞ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነኝ። አባባ ሲሞት የቤቱን ጉዳይ እንድጨርስ ጋሼ ውክልና ሰጠኝ። አምኖኝ። መስከረም 2010 ላይ ሳልጠይቀው ሸጥኩት። የባንክ ዕዳ አስጨንቆኝ ነበር። ድርሻውን ሳላጓድል አስገባሁለት። እሱ ግን የብር ነገር አላነሳም። «አባታችን የሞተበትን ቤት ሸጥሽው?» አለኝ በስልክ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ጸሎቴ ትእዛዝ ይመስል ነበር። «ጌታዬ፣ ልቡን አራራልኝ፣ ግን ቶሎ» ነው የምለው። ሦስት ወር እንኳ አልቆየሁም፤ ሽማግሌ ላክሁበት። ነገሩን ለሰው አወጣችው ብሎ ጭራሽ ባሰበት። አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደለት 100 ሲሞላው ነው። በመሐል ግን ሣራ መቆየት አቅቷት አጋርን ሰጠችው፣ በ86 ዓመቱ እስማኤልን ወለደ። ያንን ታሪክ ሳነብ ሽማግሌዎቼ ትዝ ይሉኛል።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ይቅርታ ጠይቀሽዋል?» አሉኝ። ስልክ አያነሳም አልኳቸው። «እግር የለሽም?» አሉኝ። ደግሞም ዳዊት 39ን በየቀኑ እንድደግም አዘዙኝ፤ በሌላው አቆጣጠር 40 የሚባለውን። «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! «ደጅ ጠናሁት» የሚለው የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ድሮ ፍርድ ወይም ሹመት የፈለገ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ጌታው ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆም ነበር። በማለዳ ይመጣል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል። መልስ ባያገኝም ነገ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እስከዚያ ድረስ ትዕግሥት የምለው ቤቴ ቁጭ ብዬ መብሰልሰሌን ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ ዋዜማ ሱሉልታ መውጣት ጀመርኩ። ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት በታክሲ። ድፎ ዳቦዬን ይዤ። የጋሼ በር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ታችኛው ጠርዙ ዝጎ ተበልቷል፤ በዚያ በኩል የላሞቹ እግር ይታያል። አንኳኳለሁ። ሚስቱ ትወጣና አቀርቅራ «ጋሼሽ የለም» ትለኛለች። ከውስጥ ሲያስል ይሰማኛል። ሳሉ ቁርጥ የአባባን ነው። ዳቦውን አስረክቤያት እመለሳለሁ። ገና፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ። የቀረሁት በ2012 ፋሲካ፣ በኮሮናው ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ አቃተኝ። ከበሩ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሦስት ሳምንት ዳዊት አልከፈትኩም። ተመልሼ ስከፍት ግን «ልቡን አራራልኝ» ማለት ከአፌ አልወጣም። «ያደረግሁትን አሳየኝ» አልኩ። አሳየኝ። አባባ በታመመበት ዓመት ጋሼ ላሞቹን ለሚስቱ ትቶ እዚያ ቤት ነበር። አጥቦ የሚያለብሰው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው እሱ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ እመጣ ነበር። ያቺን ክፍል ነው ለሰው የሸጥኩት። ይሄ እስኪገባኝ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በሩ ቀደም ብሎ ቢከፈትልኝ ኖሮ ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቀው ነበር?

2015፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ዝናቡ ዶፍ ነው። ላንኳኳ ስል በሩ ራሱ ተከፈተ። ጋሼ ነው፤ ፉርሽካ የጫነ ጋሪ መጥቶለት ሊያስገባ። ፀጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ነጠላዬ ረጥቦ፣ ዳቦውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ። ዝም ብሎ አየኝ።

«ዳቦው ራሰ እኮ» አለኝ። «ግቢ።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ጋሼ፣ ያስታመምክበትን ቤት ሳልጠይቅህ ሸጥኩብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ክንዴን ይዞ አነሳኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብቻ ነው ያለው።

ውስጥ ከሰል ተያይዟል። ሚስቱ ዕንባዋን እየጠረገች ቡና ልታፈላ ተነሳች። በዓሉ ነገ ነው፤ ዳቦውም ለነገ ነበር። ጋሼ ግን «ዛሬ ይቆረስ» አለ። በቤታችን በበዓል ዳቦ ባርኮ የሚቆርሰው አባባ ነበር። ጋሼ ቢላውን ተቀብሎ ቆመ። አማተበ። አባታችን ሆይ ደገመ። ቆረሰና የመጀመሪያውን፣ ልክ እንደ አባባ፣ ለታናሺቱ ለእኔ ሰጠኝ። ዝናብ የነካው ዳሩ ነበር የደረሰኝ። በላሁት።