ዝናብንና የአየር እንቅስቃሴን በራዳር ስለካ የተማርኩት

የአየር ሁኔታ ራዳር ዝናብን በቀጥታ አይለካም። ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ጠብታ መትቶ ሲመለስ ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ ይመዘግባል። ያንን ወደ ሚሊሜትር መቀየር የእኛ ፋንታ ነው። እኔም ብዙ የለፋሁት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት በማርሻልና በፓልመር ስም የሚጠራውን ቀመር ነበር። የተመለሰው ምልክት 50 ዲቢዜድ (የምልክቱ ጥንካሬ የሚለካበት አሃድ) ሲሆን በሰዓት 49 ሚሊሜትር ገደማ ይሰጣል። ለነጎድጓዳማ ዝናብ የሚሠራበት ሌላ ቀመር ደግሞ ለዚያው ምልክት 63 ይላል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከጠብታው መጠን ነው። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ጠብታ የሚይዘው ውሃ 1 ሚሊሜትር ስፋት ካላቸው 27 ጠብታዎች ጋር እኩል ነው። ለራዳሩ ግን 729 ጠብታ ያክላል! ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ብቻቸውን ምልክቱን ያንሩታል።

ስለዚህ ዝናቡን ረጋ ያለና ነጎድጓዳማ ብዬ ለየሁና እያንዳንዱን መሬት ላይ ካለው የዝናብ መለኪያ ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። የማመሳክረውም የሰዓቱን ድምር እንጂ የየደቂቃውን አይደለም። ጨረሩ ከአድማስ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል እንኳ 100 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ከፍታው 1.5 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ጠብታው ከዚያ እስኪወርድ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ንፋሱም ወደ ጎን ይወስደዋል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚስበው ግን የአየሩ እንቅስቃሴ ነው። ዶፕለር፣ ማለትም ከሚመለሰው ሞገድ ለውጥ የጠብታውን ፍጥነት የሚለካው ዘዴ፣ የሚያሳየው ወደ ራዳሩ የሚመጣውን ወይም ከእሱ የሚርቀውን ፍጥነት ብቻ ነው። ሽቅብና ቁልቁል የሚሄደውን ለማየት አንቴናውን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አዞርኩት። ረጋ ባለ ዝናብ የሚታየው ነገር እንዴት ያምራል! ከላይ የበረዶ ብናኙ በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜትር እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ከዜሮ ዲግሪው ከፍታ ዝቅ ሲል መቅለጥ ይጀምርና ምልክቱ ደምቆ እንደ ቀበቶ ይዘረጋል። ከቀበቶው በታች ፍጥነቱ ወደ 6 ወይም 7 ሜትር ይዘላል። ድምቀቱ ከባድ ዝናብ አይደለም፤ ውሃ የለበሰ በረዶ ነው።

ነጎድጓዳማ ደመና ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠብታው በሴኮንድ 8 ሜትር ቢወርድ፣ አየሩም በሴኮንድ 8 ሜትር ሽቅብ ቢነፍስ፣ ራዳሩ ዜሮ ያነባል። ስለዚህ ፍጥነቱን ለብቻው አላነብም። ጠብታው በረጋ አየር በስንት ሊወርድ እንደሚችል ከምልክቱ ጥንካሬ እገምታለሁ፤ ራዳሩ ካነበበው ጋር ያለው ልዩነት የአየሩ ድርሻ ነው። የበረዶ ጠጠር የተቀላቀለበትን ክፍል ግን ለይቼ አወጣዋለሁ፤ እዚያ ላይ ግምቱ አያስተማምንም።