ግብሩ ቀረ እንጂ ጡረታው አልቀረም

ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ዳቦ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ፔሮላቸውን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝራቸውን፣ ይዘው መጡ። ሠራተኞቻቸው አምስት ናቸው፣ ፔሮሉ ላይ ያለው ግን የሦስት ሰው ስም ነው። "ሁለቱስ የት ሄዱ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እነሱ እኮ 2000 ብር ነው የሚያገኙት። መንግሥት ነፃ አውጥቷቸው የለ? ከሐምሌ ጀምሮ ከፔሮሉ አወጣኋቸው" አሉኝ።

እዚህ ጅማ ሒሳብ ስሠራ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ክፋት የለበትም፣ ሁለት አዋጅ መቀላቀል ነው። አዋጅ 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2000 ብር ከፍ አደረገው። ጥሩ ነገር ነው፤ 5000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ ከ697.50 ወደ 500 ወርዶለታል። ጡረታ ግን በሌላ አዋጅ ነው የሚመራው፣ በ1268/2014። እዚያ ላይ የተነካ ነገር የለም። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። የ2000 ብር ሠራተኛ 140፣ አሠሪው 220፣ በድምሩ 360 ብር በየወሩ ገቢ መሆን አለበት።

360 ብር ትንሽ ይመስላል። አጎቴ ቡና መጋዘን ጥበቃ ነበር። 60 ሲሞላው የደመወዝ ወረቀቶቹን በፌስታል አጭቆ ወደ እኔ መጣ፤ ቀለማቸው ደብዝዟል፣ ግን እያንዳንዱ ላይ "ጡረታ 7%" የሚለው መስመር ይነበባል። ከደመወዙ ሲቆረጥ ኖሯል። የጡረታ መዝገብ ላይ የተገኘው ግን የስድስት ዓመት ብቻ ነው። ወርሃዊ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ያን ቀን አጎቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ወደ ፌስታሉ ሲመልስ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አሠሪ ሆይ፣ ያ 7 በመቶ የሰው ገንዘብ ነው። ቆርጠህ ካላስገባህ የሰው እርጅና ነው የያዝከው።

"በቃል ነው የቀጠርኳቸው" የሚለውም አያድንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቃል ውልም ውል ነው፤ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ መስጠት አለበት። 

እናታችን ሲሰሙኝ ቆይተው "የልጆቹን ነገር አሁን ማስተካከል ይቻላል?" አሉ። ሰኞ የሁለቱን መታወቂያ ኮፒ ይዘው ተመለሱ። ከሐምሌ ጀምሮ ወር በወር እየሞላን ነው።