ዛሬ እንጦጦ ላይ

ዛሬ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በእግሬ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ዳገቱ ሲያደክመኝ ባሕር ዛፍ ሥር አረፍ አልኩ። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት አጠገቤ ሸክማቸውን አወረዱ። «እፎይ! ሲወርድ እንዴት ይቀላል ልጄ» አሉኝ።

እኔም ሸክም አለብኝ። ከወንድሜ ጋር በውርስ ቤት ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ዓድዋ መጣ። በዚህ ነጻነት ከልቤ እኮራለሁ። አቡነ ጴጥሮስን ሳስብ ግን ዝም እላለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች በጥይት ሲገድሏቸው ከተማዋ ተይዛ ነበር። እሳቸው ግን አልተያዙም። አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ አሉ። እጃቸው ቢታሰርም ነጻ ሰው ነበሩ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ዳግም በባርነት ቀንበር አትያዙ ያላቸው ይሄንን ይመስለኛል። አገሩ ነጻ ሆኖ እሱ በቂም የታሰረ ሰውስ ምን ይባላል?

እማማን እንጨቱን መልሼ አሸከምኳቸው። መርቀውኝ ቁልቁል ወረዱ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሳልደርስ ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜ ቶሎ አነሳው። «ሄሎ» አለ። ድምፁ ቁርጥ አባታችንን ሆኗል።