ማይትራል ቫልቭን መለካት፦ ከኢኮ ትምህርቴ

ጎንደር ውስጥ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ማይትራል ቫልቭ ላይ ነው፤ በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ማለት ነው። እኔም እንደዚያው። ከዳባት፣ ከጭልጋ፣ ከጃናሞራ ትንፋሽ አጥሯቸው ከሚመጡት ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የጉሮሮ ሕመም ሪውማቲክ ትኩሳት አስከትሎ፣ ከዓመታት በኋላ ቫልቩ ወፍሮና ተጣብቆ ይገኛል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ልኩን በጥንቃቄ መውሰድ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

መልኩን መለየት አይከብድም። የፊተኛው ክዳን ሲከፈት ጫፉ እንደ ገና ዱላ ይቆለመማል። ከባዱ ስፋቱን ማወቅ ነው። ጤነኛ ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ከባድ ነው።

አንደኛው መንገድ በሾርት አክሲስ፣ ማለትም ልብን አግድም ቆርጦ በሚያሳየው እይታ፣ የቀዳዳውን ዙሪያ መክበብ ነው። የታመመው ቫልቭ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ሰፊ ሆኖ ይታያችኋል። ፕሮቡን (ደረት ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ክፍል) ቀስ እያደረጋችሁ ውሰዱና ትንሿን ቀዳዳ ያዙ።

ሁለተኛው የደም ፍሰትን ፍጥነት በሚለካው በዶፕለር ነው፤ 220ን ለፕሬሸር ሃፍ ታይም ማካፈል፣ ማለትም በቫልቩ ሁለት በኩል ያለው የግፊት ልዩነት ከከፍተኛው ወደ ግማሹ ለመውረድ ለሚፈጅበት ጊዜ። 220 ሚሊሰከንድ ከወጣ ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። ግን አኦርቲክ ቫልቭም (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) በብዛት የሚያፈስ ከሆነ ጊዜው ስለሚያጥር ቫልቩ ከእውነቱ የሰፋ ይመስላል። እኛ ጋ ሁለቱም ቫልቭ የተጎዳበት ታካሚ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ሲለያዩብኝ መጀመሪያ የማየው አኦርቲኩን ነው።

ግራዲየንት፣ ማለትም በቫልቩ ሁለት በኩል ያለው የግፊት ልዩነት፣ ደግሞ በልብ ምት ይለዋወጣል። ዳገቱን ወጥታ የደረሰች ታካሚ ወዲያው ከተለካች ቁጥሩ ከፍ ይላል። አረፍ ትበል፣ ምቷንም ከውጤቱ ጎን ጻፉ። ምቱ የተዛባ ከሆነ ቢያንስ የ5 ምት አማካይ ይወሰድ።

አሁን የአንገት ደም ወሳጅ ቧንቧን (ካሮቲድን) መለካት ጀምሬያለሁ። ልብ ላይ የዶፕለሩን የድምፅ ጨረር ከደሙ ፍሰት ጋር ትይዩ ማድረግ እንጥራለን፤ ካሮቲድ ላይ ግን በጨረሩና በፍሰቱ መካከል ያለውን አንግል እናስተካክላለን፣ ከ60 ዲግሪ አናልፍም። ከዚያ በላይ ጥቂት ዲግሪ መዛነፍ ፍጥነቱን በጣም ያዛባዋል። ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲሜትር ሲበልጥ የ50 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጥበት ስለሚጠረጠር ቀልድ አይደለም። ስትሮክ ይዟቸው አንገታቸውን ማዞር የሚቸግራቸውን ታካሚዎች የምትሠሩ ካላችሁ፣ እንዴት እንደምታስተኟቸው ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።