ቀና ያላለችው አጋዘን

ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዲንሾ ከተመለስሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የዚህን ታኅሣሥ ፎቶዎች በ2011 ዓ.ም. እዚያው ሥፍራ ካነሣኋቸው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት አመሸሁ። በድሮዎቹ ውስጥ ያሉት አጋዘኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም እኔን ያያሉ፤ አንገታቸው ቀጥ ብሏል፣ ሰፋፊ ጆሮዎቻቸው ወደ ሌንሱ ዞረዋል፣ የአንዱም ሣር ገና ሳይታኘክ ከአፉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ያን ጊዜ እነዚህን ፎቶዎች የምወዳቸው ለዚሁ ነበር። ዐይን ለዐይን የተያየን፣ እንስሳውም ያወቀኝ ይመስለኝ ስለ ነበር አንዱን በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። ዛሬ ማታ ግን ያንኑ ፎቶ ስመለከት ዐይኔ የሚያርፈው ከአፉ በተንጠለጠለው ሣር ላይ ነው።

ደጋ አጋዘንን መጀመሪያ ያወቅሁት በአሥር ሳንቲም ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ሳንቲሙን ከወረቀት ሥር አድርጌ በእርሳስ እየፈተግሁ የቀንዱን ጥምዝ አወጣ ነበር፤ እንስሳው በእውነት በአገሬ መኖሩን፣ ከዚያም በላይ ከአገሬ ውጭ በዱር የትም አለመኖሩን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የባሌ፣ የአርሲና የምዕራብ ሐረርጌ ደጋዎች በቀር ሌላ አገር የለውም። ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ትልቅ እንስሳ ሆኖ ሳለ፣ ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ለሳይንስ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ የደጋው ጭጋግና ጥቅጥቅ ያለው የአስታ ጫካ እስከዚያ ድረስ ከውጭ ሰው ደብቆ አኖረው። እኛ ፈረንጅ አገር ያለውንም ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ አጋዘን እንለዋለን፤ ሆኖም የዚያኛው ቀንድ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል፣ የእኛው ግን በጥጃነቱ ያበቀለውን ጥምዝ ቀንድ እስኪሞት ተሸክሞት ይኖራል። በአንድ አውራ ቀንድ ላይ የማየው ጭረትና ስንጥቅ ሁሉ የዕድሜውን ታሪክ የያዘ ነው ብዬ ስለማምን፣ ቀንዱን አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶ ሁልጊዜ ያጓጓኛል።

በመጀመሪያው ጉዞዬ የሆነውን እስካሁን ለማንም በደንብ አልተናገርሁም። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጌ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ዲንሾ የደረስሁት ማታ ሲሆን፣ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከአስጎብኚዬ ጋር ወደ ጋይሳይ ሜዳ ወረድን። ሣሩ በውርጭ ነጭቷል፤ ከከርከሮዎቹ ጀርባ ላይ እንፋሎት ይነሣል። ከጭቁኙ ቁጥቋጦ ጥግ አንዲት ቀንድ አልባ፣ ቀላ ያለች እንስት ብቻዋን ቆማ አየሁና በቀጥታ ወደ እርሷ መራመድ ጀመርሁ። ጥቂት ስትርቅ እከተላለሁ፣ ስትቆም አነሣለሁ፣ ስትሄድ ደግሞ እከተላለሁ። አንድ ጊዜ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ አጭርና ደረቅ ድምፅ አሰማችና ወደ ጫካው ገባች። እኔም ባነሣሁት እየተደሰትሁ ስመለስ፣ ከእግሬ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ በጭቁኙ ሥር የተጋደመች ግልገል አየሁ። አንገቷን ከመሬት ጋር አጣብቃ፣ ጆሮዋን አስተኝታ፣ ሳትንቀሳቀስ ቀርታለች፤ የምትንቀሳቀሰው ከጎድን አጥንቷ በላይ ያለችው ቆዳ ብቻ ነበረች፣ ያውም በጣም ፈጥና። እናቲቱ ያልሸሸችው፣ እየራቀች የምትቆመውና ዘወር ብላ የምታየኝ ለምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ እንደ ትዕግሥት፣ እንዲያውም ለፎቶ እንደ መቆም ቆጥሬላት ነበር።

የግልገሏን ፎቶ አነሣሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን አነሣሁ። አስጎብኚዬ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ነበሩ፤ ክንዴን ይዘው በዝግታ ወደ ኋላ መለሱኝና መንገድ እስክንገባ ድረስ ምንም አልተናገሩም። በኋላ ካሜራውን ተቀብለው ያነሣኋቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ካየችህ እኮ መብላቷን ትታለች» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ስለ ግልገሏ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ስላቸው፣ «እኔን ሳይሆን ነገ እርሷን ጠብቃት፣ ትመለስ እንደ ሆነ እይ» አሉኝ። በማግሥቱ ከመንገዱ ሆኜ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። ጭቁኙ ውስጥ ምንም አልታየኝም፤ እናቲቱ ልጇን ወደ ሌላ ቦታ ወስዳት እንደሆነ ለማመን እፈልጋለሁ።

ዘንድሮ ስሄድ እንግዲህ አካሄዴን ከሥሩ ለመለወጥ ቆርጬ ነበር። እንስሳ ፍለጋ መራመዴን ተውሁ፤ ጎሕ ሳይቀድ ነፋሱ ከሜዳው ወደ እኔ በሚነፍስበት በኩል፣ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ካሜራዬን በድምፅ አልባው ሸተር ላይ አደረግሁ። ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ለሩቅ እንስሳ አጭር መሆኑን ስለማውቅ በፎቶው ውስጥ አጋዘኑ ትንሽ፣ ሜዳው ሰፊ ሆኖ እንዲወጣ ፈቀድሁ፤ በፊት እንዲህ ያለውን «ሩቅ ነው» ብዬ አጠፋው ነበር። መቀመጥ ቀላል ይመስላል እንጂ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁለት ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ጣትን የሚያደነዝዝ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲትም ፎቶ ሳላነሣ ተመለስሁ።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሁለት ወንዶች ከጫካው ወጡ። ታኅሣሥ የመራቢያቸው ወቅት ስለ ሆነ ወንዶቹ እንስቶቹን ተከትለው ይውላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ፍልሚያ አልነበረም። ሁለቱም የጀርባቸውን ጸጉር አቁመው፣ ጭራቸውን ከፍ አድርገው ከሥሩ ያለውን ነጭ እያሳዩ፣ ጎን ለጎን እጅግ በዝግታ ይራመዱ ነበር፤ እያንዳንዱ ትልቅነቱን በጎኑ በኩል ለሌላው ያሳያል። ከዚያ አንደኛው ቆመና ቀንዱን ቁጥቋጦ ውስጥ ከትቶ ደጋግሞ ፈተገው፤ ቀና ሲል ጥምዙ ላይ ሣርና ጭቃ ተጠምጥሟል። በዐይኖቹ መካከል ያለው ነጭ መስመርና በጉሮሮው ላይ ያሉት ሁለት ነጭ ነጥቦች በዚያ ጭጋግ ውስጥ ጎልተው ይታዩ ነበር። ሌላኛው ምንም ሳይገጥመው ዘወር ብሎ መብላት ጀመረ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔን አንዱም አላየኝም፤ ያን ሁሉ ጊዜ የራሳቸው ጉዳይ ላይ ነበሩ።

ስለ እርጋታቸው ብዙ አሰብሁ። ፓርኩ ከተቋቋመ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ እንስሳት ከሰው ጋር ያላቸው ነገር አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ጠባቂ ሲጠፋ ብዙዎቹ ተገድለው ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዲንሾ ዙሪያ እንደገና የበረከቱት ስካውት የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ሌት ተቀን በእግር እየዞሩ ስለ ጠበቋቸው፣ የአካባቢውም ሰው ስለ ታገሣቸው ነው። ዛሬም ከብቱና እርሻው ከግጦሻቸው ጋር ይጋፋል፣ ውሻም ያሳድዳቸዋል። ባሌ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንደ ማንኛውም ሰው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጽዱ ሥር ተቀምጬ ግን ለእኔ የቀረበው ጉዳይ ሌላ ሆነ። አንድ አጋዘን ሰው ባለበት ሜዳ አንገቱን ደፍቶ እንዲበላ ያደረገው የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካም ነው፤ እኔ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከዚያ ላይ ቆንጥሬ ወስጃለሁ።

የሳሎኑን ፎቶ ነገ አወርደዋለሁ። በምትኩ የምሰቅለውን መርጫለሁ፤ ሲያዩት ብዙዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ። የመጨረሻው ጠዋት ላይ የተነሣ ሲሆን ብርሃኑ ደብዛዛ ስለ ነበር ምስሉ ሸካራ ነው፤ ከፊቷ ግማሹ በሣር ተሸፍኗል። አንዲት እንስት ናት፤ አንገቷን ደፍታ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ከላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ውርጩ ቀልጦ ጠብታ ሆኗል፣ ከኋላዋም ሌሎች ሁለት እንስቶች በጭጋጉ ውስጥ ደብዝዘው ይታያሉ። ከእርሷ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ፤ ነፋሱ አንዴ እንደ መዞር ሲል ትንፋሼን ያዝሁ፣ እርሷም ለአፍታ መንጋጋዋን ገታ አድርጋ መልሳ ማኘኳን ቀጠለች። እንዳላወቀችብኝ እርግጠኛ ሆኜ ተመለስሁ።

አሁን፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲቃረብ፣ ፎቶውን አስፍቼ ሣሩን አንድ በአንድ ስመለከት ነው ጆሮዋን ያየሁት። ግራ ጆሮዋ ወደ ፊት፣ ወደምትበላው ቁጥቋጦ ነው። ቀኝ ጆሮዋ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል፤ በውስጡ ያለው ነጭ ጸጉር እንኳ ይቆጠራል። ለካስ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ እዚያ መሆኔን ታውቅ ነበር።