ሙክቱ ሞተ፣ አንካሳው ተረፈ

ሙክቱ ከሞተ ጀምሮ ወደ ግቢያችን የሚዘልቅ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው የሻጩን እጅ ይረግማል። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ሁለተኛውን ቡና እየጠጡ ፈረዱ፦ «ልጄ፣ ያ አንካሳ በግ ነው ያመጣብህ። ሳያድር ከግቢ አውጣው።» ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ማነከሱም ሞቱም የአንድ በሽታ ሥራ ነው። እኔም ለተወሰኑ ቀናት እንዲሁ ሳስብ ነበር።

በጎቹን የገዛሁት በሐምሌ መጨረሻ ከቅዳሜ ገበያ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ አድልቤ ልሸጣቸው። ከዳባት በኩል የመጡ ደገኞች ናቸው፤ ጠጉራቸው ረጅም፣ ላታቸው ገና ያልሞላ። አይሱዙ ላይ ተጭነው በዝናብ ሲንገላቱ መጥተዋል። ጎንደር አዘዞ ቤታችን ስናደርሳቸው ቡላው በግ የኋላ እግሩን ማንሳት ማንሳት ይል ነበር። መኪናው ላይ ተረግጦ ይሆናል ብለን አለፍነው። ቆይቶ አንድ ሌላም አነከሰ። ከዚያ አንድ ጠዋት የሁሉም አለቃ የነበረው ነጩ ሙክት አንገቱን ወደኋላ ቆልምሞ፣ እግሮቹን ገትሮ ጋጣው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ማታ ገንዳውን እየላሰ ነበር የተውነው። አላሳለ፣ አላስቀመጠው፣ ምግብ አልዘጋ።

የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አያ፣ ቢላዋቸውን ስለው መጡ። በክት ስለማይበላ የሥጋው ነገር ያለቀ ነው፤ «ቆዳው እንኳ ይትረፍህ» ብለው ነው። የበግ ቆዳ በየበዓሉ ማግስት ሜዳ ላይ ተጥሎ በሚታይበት ዘመን እርሳቸው አሁንም ቆዳን እንደ ገንዘብ ያያሉ። ደግነታቸውን ባውቅም ቢላዋውን አስጣልኳቸው። ድንገት የሞተ እንስሳ ሁሉ አባ ሰንጋ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይነካም። በአባ ሰንጋ የሞተው ሬሳ ከተከፈተ ጀርሙ አየር ሲያገኝ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይከልላል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቆዳ የሚገፍፈው ሰው ደግሞ በእጁ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ሊያዝ ይችላል። ውሻውን አሰርን፣ ሬሳውን በላስቲክ ሸፈንን፣ ልጆቹን ወደ ቤት አስገባን።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ንግግሩ ቁጥብ። ጓንቱን አጥልቆ መጀመሪያ አፍንጫውንና ፊንጢጣውን አየ። ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ ከሆነ መጥፎ ምልክት ነው፤ ይኼኛው ደም አልነበረውም። ቢሆንም በዚያ ብቻ አላመነም። ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስዶ መስታወት ላይ አስምሮ ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደ። አያ «ለአንድ በግ ይህ ሁሉ!» እያሉ አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ከበሩ አልራቁም። ሐኪሙ ተመልሶ «አባ ሰንጋ አይደለም» ሲል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነፈስን።

ሬሳውን የተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ከፈተው። ትልቁ ጨጓራ በተፈጨ በቆሎና በገብስ ጢም ብሏል። ልቡን የሸፈነው ከረጢት ውስጥ ገለባ መሳይ ቢጫ ውኃ ነበር፤ አየር ሲነካው ወዲያው እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ኩላሊቱን በጣቱ ሲጫነው ሟሸሸ። «ሬሳ ከቆየ ኩላሊት ሁሉ ስለሚልላ በእሱ ብቻ አልፈርድም» አለ፤ «ከእህሉና ከውኃው ጋር ሳየው ግን የእህል መርዝ ነው።» መርዙን የሚያመነጨው ባክቴሪያ በጤነኛ በግ አንጀት ውስጥም በጥቂቱ ይኖራል አለን። ሣርና ገለባ የለመደ በግ በድንገት ብዙ እህል ሲያገኝ ሳይፈጭ የሚያልፈው ስታርች አንጀቱ ይደርሳል፤ ባክቴሪያው በዚያ ይራባል፣ መርዙም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ለዚህም ነው ከመንጋው የሰባው፣ ጉልበተኛው፣ በልቶ የማይጠግበው ቀድሞ የሚሞተው።

ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «አንካሶቹ ገንዳው ጋ የሚደርሱት መቼ ነው?»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። እህሉ ሲፈስ ሙክቱ በቀንዱ እየገፋ ቀድሞ ይደርሳል። ቡላው በሦስት እግሩ እየተንፏቀቀ ሲመጣ ገንዳው ተልሶ ያልቃል። ድርሻውን የበላለት ሙክቱ ነው። እትዬ አንካሳው ሞቱን አምጥቷል ያሉት በአንድ መንገድ እውነት ሆነ ማለት ነው፤ እርሳቸው ባሰቡት መንገድ ግን አይደለም።

እግሩ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የቡላውን አፍ ከፍቶ ምላሱንና ድዱን ፈተሸ፤ አፍተግር ቢሆን እዚያ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይኖር ነበር። አፉ ንጹሕ ነው። ከዚያ ገልብጦ አስቀመጠውና ሰኮናውን በቢላዋ ጠረበ። በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ነጣ ብሎ ረጥቧል፤ የሰኮናው ቅርፊት ከሥር ተላቆ ግራጫ ዝቃጭ ወጣበት። ሽታው! ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ሬሳ ይልቅ አፍንጫዬን ያስያዘኝ የዚያች ትንሽ ሰኮና ሽታ ነው። የሰኮና መበስበስ ይባላል፤ ጭቃና እርጥበት ይወደዋል፣ የነሐሴ ጎንደር ደግሞ ሁለቱንም አይነፍግም። የተላቀቀውን ቆርጦ ጣለ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ የባክቴሪያ መድኃኒት ወጋው፣ ሌሎቹን በሙሉ በአሥር በመቶ የዚንክ ሰልፌት ውኃ ውስጥ አቆምናቸው። የጋጣውን ጭቃ ጠርገን ጠጠር አለበስነው። ገንዳውም አንድ መሆኑ ቀረ፤ እህሉ በጭልፋ ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ከፍ እያለ፣ ሁልጊዜም ድርቆሽ ቀድሞ ይቀርባል።

በዚያ ሰሞን በብዛት የተሰጠኝ ምክር ግን ስለ መድኃኒት አልነበረም። «ሳይሞቱብህ ሽጣቸው» ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም ይህንኑ በቅንነት ይለኛል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ገንዘቤ እንዳይጠፋ አስበውልኝ ነው። ሆኖም ቡላው እኔ ጋ የመጣው እንዲህ እንደሆነ እገምታለሁ። አንድ ሰው ዳባት ላይ እግሩን ሲያነሳ አየውና ዘመዶቹ «ሳይብስበት ሽጠው» አሉት፤ እርሱም በዝናብ መኪና ላይ ጫነው። ያንን ሻጭ ስረግም ከርሜ የእርሱን ምክር ልቀበል? አልዋጥልህ አለኝ። ደግሞም የሰኮናው በሽታ በጭቃው በኩል ስለሚጋባ በአንድ ቅዳሜ ስንቱ ግቢ ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ ነው።

የእንቁጣጣሽ ገዢዎች በጳጉሜን መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ቡላው ሄደ፤ እግሩ ከዳነ ወዲህ ላቱ ሞልቶ ከሁሉም አምሮበታል። «እሱ መርፌ ተወግቷል፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ አይታረድም» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ወንድሜ፣ ዋጋ ልትጨምር ከሆነ በግልጽ ንገረኝ» አለ። ስለ ሰኮናው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቀኑ ብነግረው ጥርጣሬው ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ የሚያወራ ሻጭ የሚደብቀው አለው የሚለው ነገር ከፊቱ ይነበባል። በመጨረሻ ስለ እርሱ አንዲት ቃል ያልተናገርኩትን፣ ጥግ ይዞ ድርቆሽ የሚያመነዥከውን በግ ጀርባ ጨብጦ፣ ላቱን መዝኖ፣ ብዙም ሳይከራከር ከፍሎ ወሰደው። ቡላው ለመስቀል ይደርሳል።